አራት ብሎን

ፊውዝ የሚለውን ስም ያወጣላት አባቷ ነው። ልጅ ሳለች ትንሽ ነገር ሲነካት ቦግ ትልና ወዲያው ድርግም ብላ ጥግ ትይዝ ነበር። አድጋ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ስትሆን ስሙ ከሙያው ጋር ገጠመ። ጋራዡም ተቀበለው፤ አሁን ከእናቷና ከመታወቂያዋ በቀር ሌላ ስም እንዳላት የሚያስታውስ የለም።

ስም አውጪ አንዳንዴ ሳያውቀው ትንቢት ይናገራል። ፊውዝ ማለት እኮ በፍርሃት የሚኖር ዕቃ ነው፤ ሌላው ሽቦ ገና ለብ ሳይል እርሱ ተቃጥሎ ይገኛል። ልጅቱም እንዲሁ ናት። መንገድ ከጀመረች በኋላ ምድጃው መጥፋቱን ለማየት የምትመለስ፣ በሩን ቆልፋ መቆለፉን የምትሞክር፣ ሞክራም ሞክሬያለሁ ወይ ብላ የምትጠራጠር ዓይነት። ሰዎች ይስቁባታል። እርሷም አብራ ትስቃለች፤ እየሳቀችም እጇ ኪሷ ውስጥ ቁልፏን ይዳስሳል።

ከፍርሃቶቿ ሁሉ ግን አውራው የእናቷ ትንፋሽ ነበር።

እናቷ ሳንባዋ ከደከመ ሁለት ዓመት ሆኗታል። ከአየር ላይ ኦክስጅን እየለየ በቀጭን ቱቦ ወደ አፍንጫዋ የሚልክላት ማሽን አለ፤ ቁመቱ ከጉልበት የማያልፍ፣ ሌት ተቀን እንደ ሽማግሌ የሚያቃስት። ኃይል አጥቶ ቢቆም እናቲቱ እዚያው አትሞትም፤ ግን ከንፈሯ መጥቆር ይጀምራል። ፊውዝ ያንን ከንፈር አንድ ጊዜ አይታዋለች። አንድ ጊዜ ይበቃል።

አባትየው ደግሞ ሠላሳ አንድ ዓመት የረጅም መንገድ አውቶቡስ ነድቷል። ጡረታ ሲወጣ ኩባንያው ሊጥለው የነበረውን አሮጌ አውቶቡስ ወስዶ ወንበሮቹን ነቀለ። አልጋ፣ ቁምሳጥን፣ ሁለት እሳት ያለው ምድጃና ከቁምሳጥኑ የማይሰፋ መጸዳጃ አስገባበትና የቤት መኪና አደረገው። ያለ አንቺ ያለፍኩበትን መንገድ ሁሉ አንድ ቀን አሳይሻለሁ ብሎ ለሚስቱ የገባላት የቆየ ቃል ነበረበት። ሐኪሙ ተጠየቀ፤ ማሽኑ እስካልቆመ ድረስ ትሂድ አለ። «እስካልቆመ ድረስ» የምትለዋ ነገር ተንከባልላ መጥታ ፊውዝ ትከሻ ላይ አረፈች።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ የአባቷ ጆሮ ግን ከምር ባዳ ሆኖበት ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ከሞተር ጎን ተቀምጦ ምን ጆሮ ይተርፋል? ስልክ ቢጮህ አይሰማ፣ በር ቢንኳኳ አይሰማ። ሞተር ብቻ በእግሩ ይሰማል። በሥራ ዘመኑ አውቶቡሱ ሲያስቸግረው ቀኝ ጫማውን አውልቆ ወለሉን በባዶ እግሩ ይረግጥና የትኛው ክፍል እንደታመመ ይናገር ነበር። ሃያ ዓመት አብሮት የሠራው ረዳቱ በዚህ ሲስቅበት ኖሯል። ይህ ረዳት፣ አውቶቡሱ ጢም ብሎ ሰው በሰው ላይ ተነባብሮ እንኳ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ «ቦታ አለ፣ ቦታ አለ» ማለት ስለማይተው፣ ስሙ «ቦታ አለ» ሆኖ ቀረ። እናቱ ያወጣችለትን ስም በቤታቸው ማንም ጠይቆ አያውቅም። አሁን ከከተማ ወጣ ብሎ፣ ከድንጋይ መፍለጫው ጀርባ ድንች ያከማቻል።

ፊውዝ በአውቶቡሱ ላይ ሁለት ወር ሠራች። ከአልጋው ሥር ሁለት ባትሪ፣ ከጣሪያው ላይ ሶላር፣ ከኋላ ወለሉ ሥር ጄነሬተር አሰረች፤ የጄነሬተሩን መዝጊያ ቆልፋ ቁልፉን ከራሷ ቁልፎች ጋር ያዘች። ከሁሉ በላይ የምትኮራበት ግን አውቶማቲኩ ነበር። የምሳ ዕቃ የምታህል ሣጥን ናት። ባትሪውን ስትጠብቅ ትውልና የተነገራት ልክ ላይ ሲወርድ ማንንም ሳትጠይቅ ጄነሬተሩን ታስነሣዋለች፤ ሲሞላ ታጠፋዋለች። በእጅ ቢያጠፉት እንኳ ባትሪው እስካልሞላ ድረስ መልሳ ታስነሣዋለች። ከጎኗ ያለው መቆጣጠሪያ የራሱ ሲም ካርድ አለው፤ በየአምስት ደቂቃው ስለ ባትሪው፣ ስለ ሶላሩና ስለ ጄነሬተሩ ለፊውዝ መልእክት ይልካል። ትእዛዝ ግን አይቀበልም። ይናገራል እንጂ አይሰማም፣ እንደ አባቷ።

በጋራዡ አንድ ሕግ አለ፤ ጣሪያ ሥር አውቶማቲክ የለም። የቤት መኪና ወደ ውስጥ ከመግባቱ በፊት በሹፌሩ ወንበር አጠገብ ያለው የአውቶማቲኩ ማጥፊያ ይጠፋል፣ ቀይ ጨርቅም ይታሰርበታል። ጨርቅ ያልታሰረበት መኪና በር ላይ ከታየ አለቃዋ፣ ስድሳን ያለፉ ግንባራቸው የማይፈታ ሰው፣ የያዙትን ጥለው ይመጣሉ። ጄነሬተር ከሰማይ ሥር ይሁን ከጣሪያ ሥር አያውቅም፤ የሚያውቀው ባትሪውን ብቻ ነው። በጭሱ ውስጥ ደግሞ ሽታም ቀለምም የሌለው መርዝ አለ፣ ሰውን አስተኝቶ የማይቀሰቅስ። አለቃዋ በዚህ ነገር ሁለት ሰው ቀብሬያለሁ ይላሉ። ከዚያ በላይ አይሉም፤ የሚጠይቃቸውም የለም።

አባቷ ግን ነዳጅ ሲባክን ሆዱ የሚቆረጥ ሰው ነው። ጉዞው በተጀመረ በሁለተኛው ሳምንት ማጥፊያውን ጠቅ አደረገና ፀሐይ ትወጣለች ብሎ ተኛ። ጠዋት ፊውዝ ስልኳን ስታይ ባትሪው ዘጠኝ ከመቶ ደርሷል። ደወለች፤ ማን ይስማ። ሦስት ሰዓት ነድታ ስትደርስ ማሽኑ ጸጥ ብሏል፤ እናቷ በተከፈተው መስኮት አፍ ላይ ተቀምጣ፣ ከንፈሯ ጠቁሮ፣ «ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ» ትላለች። ያን ቀን ፊውዝ አልጮኸችም። ካቻቪቴዋን አወጣች፤ በማጥፊያው ላይ ላሜራ ገጠመችበትና በአራት ብሎን ጥርቅም አድርጋ አሰረችው። አውቶማቲኩንም ሠላሳ ከመቶ ሲደርስ የነበረውን ሃምሳ ከመቶ ሲደርስ እንዲያስነሣ ከፍ አደረገችው።

ተመልሳ ለአለቃዋ ነገረቻቸው።

«ማጥፊያ አብሮት ከሚኖረው ሰው አይደበቅም» አሏት።

«አባዬን ስለማያውቁት ነው።»

«አባትሽን አላውቅም» አሉ፤ «ጣሪያን ግን አውቃለሁ።»

አባዬ አሮጌ አውቶቡሱን ማን ጣሪያ ሥር ያስገባለታል ብላ ተከራከረች። ደግሞም ከአልጋው በላይ መርዙን ሸትቶ የሚጮህ መሣሪያ ሰቅያለሁ አለች። ይህ እውነት ነበር። ባለፈው ሳምንት ግን እናቷ በስልክ ስታወጋ፣ አባትሽ ከዚያች ጩኸታም ነገር የባትሪ ድንጋዩን አውጥቶ ሬዲዮው ውስጥ ከተተው ብላ ሳቀች። ፊውዝ አልሳቀችም። በማግሥቱ አዲስ ድንጋይ ገዛች፤ ቅዳሜ እወስድላቸዋለሁ ብላ በሥራ ካፖርቷ ኪስ ያዘችው። እስከ ቅዳሜ ሁለት ቀን ቀርቷል።

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከአምስት ላይ የአንድ ጭነት መኪና የፊት መብራት ፈታ ይዛ ሳለ ስልኳ ጮኸ።

«ባትሪ 57 ከመቶ። ሶላር 0። ጄነሬተር ቆሟል።»

ከአምስት ደቂቃ በፊት ሶላሩ ሦስት መቶ ዋት ሊሞላ ትንሽ ነበር የቀረው። ክው አለች። የመጀመሪያ ሐሳቧ የእናቷ ማሽን ነበር፤ የሶላሩ ሽቦ ተበጥሷል፣ ትናንት ደመና ስለነበር ባትሪው አልሞላም፣ አሁን ማሽኑ እየበላው ይወርዳል። ከዚያ አውቶማቲኩ ትዝ አላትና ተነፈሰች። ሃምሳ ሲደርስ ራሱ ያስነሣዋል። አባቷም ሊያጠፋው አይችልም። እንኳንም ሸፈንኩት አለች፣ ድምፅ አውጥታ፤ መብራቱንም መልሳ ያዘች።

ብሎን እየፈታች ነው የዜሮው ነገር የከነከናት። የሶላሩን ሽቦ ራሷ ናት ያሰረችው፤ እርሷ ያሰረችው ሽቦ ደግሞ አይበጠስም። ደመና ነው እንዳትል ደመና ሶላርን ያዳክመዋል እንጂ አይገድለውም፤ በዝናብ እንኳ ሃያ ሠላሳ ዋት አይጠፋም። አንገቷን አውጥታ ሰማዩን አየች። ጠራራ ነው፣ አንዲት ነጭ ነገር የለበትም። በጠራራ ፀሐይ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ከሦስት መቶ ወደ ዜሮ የሚወርድ ሶላር ምን ያገኘው ነው?

ጣሪያ።

ጠዋት እናቷ ደውላ ነበር። ሙቀቱ አድክሞኛል፣ ዛሬ ቦታ አለ ጋ ነው የምንውለው፣ የድንች መጋዘኑ ቀዝቃዛ ነው አሉ፣ ከምሳ በኋላ እዚያ ጋደም እንላለን ብላት ነበር። ፊውዝ ያን ጊዜ በአንድ ጆሮዋ ሰምታ «ጎሽ፣ ጥሩ ነው» ብላለች። የድንች መጋዘን ምን እንደሚመስል አንድ ጊዜ ሄዳ አይታለች። መስኮት የለውም። ብርሃን ካገኘው ድንቹ አረንጓዴ ይሆንና አይበላም፤ ስለዚህ ቆርቆሮው እንኳ በጭቃ ተደፍኗል፣ በሩም ወዲያው ነው የሚዘጋው። ቦታ አለ በደግነቱ ለወዳጁ ቦታ አግኝቶለታል።

ስልኩ እንደገና ጮኸ። «ባትሪ 56 ከመቶ። ሶላር 0። ጄነሬተር ቆሟል።»

በየአምስት ደቂቃው አንድ። ስድስት ሲቀነስ ሃምሳ፤ ስድስት ጊዜ አምስት ሠላሳ ደቂቃ። ሠላሳ ላይ ትቼው ቢሆን ኖሮ ከሁለት ሰዓት በላይ ይቀራቸው ነበር፣ ተኝተው ተነሥተው ሻይ ጠጥተው ይወጡ ነበር ብላ አሰበች፤ ይህን ሐሳብ ግን ገፍታ ጣለችው፣ አሁን ጊዜው አልነበረም።

አባቷ ጋ ደወለች፤ ይጠራል፣ ይጠራል። ስልኩ ከመሪው ፊት ተቀምጦ ለራሱ ሲዘፍን ታያት። እናቷ ጋ ደወለች፤ ተዘግቷል። እናቷ ስትተኛ ባትሪ ለመቆጠብ ስልኳን ታጠፋለች። የዚህ ቤት ሰው ሁሉ ሲቆጥብ ነው የሚኖረው። የቦታ አለን ቁጥር ፈለገች። በስልኳ የለም፤ ሰው እንዳትጠይቅ በምን ስም? ሃያ ዓመት በቤታቸው ገብቶ የወጣ ሰው፣ እርሷን በጫንቃው የተሸከማት ሰው፣ ስሙን አታውቀውም።

አለቃዋ አጠገቧ መቆማቸውን ያወቀችው ስልኩን ከእጇ ሲወስዱ ነው። መልእክቱን አንዴ አነበቡት።

«ጣሪያ ሥር ናቸው?»

በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች። አለቃዋ ነግሬሽ ነበር አላሉም። ብለዋት ቢሆን ይሻላት ነበር። የፒካፓቸውን ቁልፍ ከሚስማሩ አነሱና ወጡ።

መንገዱ ከአንድ ሰዓት በታች አያልቅም። አለቃዋ ሲነዱ ፊውዝ የአደጋ ጊዜ ቁጥር ደወለች። አንዲት ሴት አነሣች፤ ረጋ ያለች፣ ለሥራዋ የምትሆን ሴት ናት። ቦታው የት ነው አለቻት። ከድንጋይ መፍለጫው ጀርባ፣ የድንች መጋዘን። የመጋዘኑ ባለቤት ማን ይባላል? «ቦታ አለ የሚሉት ሰውዬ» አለች ፊውዝ፤ ድምፅዋ ለራሷም የሰካራም መሰላት። ሴትየዋ በዚያ አካባቢ ስንት የድንች መጋዘን እንዳለ ጠየቀቻት። አታውቅም። ከቅርቡ ጤና ጣቢያ ሰው እንልካለን፣ እየጠየቀ ይፈልጋቸዋል አለች ሴትየዋ።

«ባትሪ 53 ከመቶ።»

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል የሚባለውን እናቷ ናት የምትወደው፤ ፊውዝን ከሐሳቧ ልታወጣት ስትፈልግ እየሳቀች ትለዋለች። እኔ ግን የፈራሁት ሌላ ነበር አለች ፊውዝ በልቧ። እኔ የፈራሁት ማሽኑ እንዳይቆም ነው። ያን እየጠበቅሁ በሌላው በር አስገባሁት።

«ባትሪ 52 ከመቶ።»

አባቷ ጋ እንደገና ደወለች። አሥራ አራተኛዋ ናት። ይጠራል። ፊት ለፊታቸው የገጠመ ገልባጭ መኪና አላሳልፍ አላቸው፤ አለቃዋ ክላክሱን ተጭነው ቆዩ። ፊውዝ እጇን ኪሷ ስትከት አዲሱን ድንጋይ አገኘችው፤ ከነላስቲኩ ነው። ጨብጣ ያዘችው።

«ባትሪ 51 ከመቶ።»

«ምናልባት ተነሥተው ወጥተው ይሆናል» አሉ አለቃዋ።

«ሶላር ዜሮ ነው» አለች።

ስልኩን ጭኗ ላይ አድርጋ ታየዋለች፤ ካላየችው የማይመጣ ይመስል ዓይኗን ታነሣለች፤ መልሳ ታየዋለች። ስምንት ሰዓት ከአርባ ላይ መጣ።

«ባትሪ 50 ከመቶ። ሶላር 0። ጄነሬተር ተነሥቷል።»

ይህ መልእክት እንዲመጣ ስንት ጊዜ ጸልያለች። ስንት ሌሊት ይህችን «ተነሥቷል» አይታ ስልኳን ደረቷ ላይ አድርጋ ተኝታለች። አሁን ያንን ቃል እየደጋገመች አነበበችው፤ ከውስጧ የወጣው ድምፅ ለቅሶም አልነበረም። አለቃዋ ቀና ብለው መንገዱን ብቻ ያዩ ነበር። ነዳጁን እስከ ወለሉ ረገጡት።

ስምንት ሰዓት ከአርባ አምስት። «ባትሪ 52 ከመቶ። ሶላር 0። ጄነሬተር በሥራ ላይ።» ቁጥሩ መውጣት ጀመረ። ዕድሜዋን ሙሉ የባትሪ ቁጥር ሲወጣ ደስ ይላት ነበር። አሁን እያንዳንዱ ቁጥር የእናቷን አልጋ የሚከብ ጭስ ሆኖ ታያት። እናቷ በአፍንጫዋ ቱቦ፣ ማሽኑ ታማኝ ሆኖ ከዚያው ከተመረዘ አየር እየቀዳ፣ እያቃሰተ። ማሽኑ እኮ አልቆመም። ማሽኑ እንዳይቆም አድርጋለች።

ስምንት ሰዓት ከሃምሳ። «ባትሪ 54 ከመቶ። ሶላር 0። ጄነሬተር በሥራ ላይ።»

«በቃ» አለች ፊውዝ። «በቃ፣ ሞቱ።» አለቃዋ እጃቸውን ከማርሹ ላይ አንሥተው እጇ ላይ አደረጉ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ስልኩ ሲጮህ ልታየው አልፈለገችም። አለቃዋ አንብቢው አሏት።

«ባትሪ 56 ከመቶ። ሶላር 230። ጄነሬተር በሥራ ላይ።»

ሦስቴ አነበበችው። ሁለት መቶ ሠላሳ። ፀሐይ ጣሪያው ላይ አርፋለች። አውቶቡስ ብቻውን አይወጣም፤ አንድ ሰው መሪ ይዟል፣ ያ ሰው ሕይወት አለው። «ወጥተዋል» አለች። ወዲያው ደግሞ፣ ያ ሰው አባቷ መሆኑ፣ እናቷ ግን መሪ ይዛ እንደማታውቅ ትዝ አላት። እናቷ ስለ መኖሯ የሚናገር መልእክት እርሷ የሠራችው ዕቃ አይልክም።

ሲደርሱ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ አልፏል። አውቶቡሱ በግቢው መካከል ተጣሞ ቆሟል፤ የመጋዘኑ የቆርቆሮ በር ከነማጠፊያው ተገንጥሎ ከኋላው ላይ ተጠምጥሞበታል። ከመጋዘኑ አፍ እስከ አውቶቡሱ ድረስ ድንች ተበትኗል፤ የፈነዳ ጆንያ በጎማው ተጎትቷል። ጄነሬተሩ ወለሉ ሥር ይጮሃል፣ ጭሱን አሁን ነፋስ ይወስደዋል። የሚያጠፋው አልተገኘም።

እናቷ ከዛፍ ጥላ ሥር ፍራሽ ላይ ተኝታለች። ከጤና ጣቢያው የመጣች ነርስ የኦክስጅን ጭምብል ፊቷ ላይ ይዛለች። ቦታ አለ በካርቶን ያራግብላታል፤ ፊቱ አመድ መስሏል። በሩን ከውጭ የቀረቀርኩት እኔ ነኝ፣ ብርሃን እንዳይገባ፣ ልማድ ሆኖብኝ ነው እያለ ማንም ሳይጠይቀው ይናገራል። ፊውዝ ተንበረከከች። የእናቷ ዓይኖች ተከፈቱ፤ ጥቂት ተንከራተቱና አገኟት።

«ፊውዝ» አለች እናቷ፤ በሕይወቷ በዚህ ስም ጠርታት አታውቅም። «ራሴን አመመኝ።»

ነርሷ፣ እናትሽ ከመጋዘኑ ስትወጣ ራሷን ስታ ነበር፣ አሁን ግን እየተሻላት ነው፣ ወደ ሆስፒታል የሚወስዳት መኪና በመንገድ ላይ ነው አለች። ፊውዝ የእናቷን እግር ይዛ አለቀሰች፤ ሳትደብቅ፣ እንደ ልጅ፣ አለቃዋ እያዩዋት። ኋላ ጄነሬተሩ ትዝ አላትና ካቻቪቴዋን ይዛ ወደ አውቶቡሱ ወጣች።

በሹፌሩ ወንበር አጠገብ ያለችው ላሜራ እንደነበረች አለች። ጠርዟ ተጫጭሯል፤ በአንድ በኩል ትንሽ ጎብጣለች። ከሥሯ ጫፉ የተሰበረ የወጥ ቤት ቢላዋ ወድቋል። በአራቱ ብሎኖች ዙሪያ ደም አለ፤ ጥቂት ነው፣ ግን የጣት አሻራ ይዟል። ብሎኖቹን ፈታች። ጠብቀው ነበርና ጊዜ ወሰዱባት። ከዚያ ማጥፊያውን ጠቅ አደረገችው፤ ጄነሬተሩ ተንተፋትፎ ቆመ።

አባቷ አውቶቡሱ ደረጃ ላይ ጀርባውን ሰጥቶ ተቀምጧል፤ ባዶ እግሩን ብረቱ ላይ አሳርፏል። ድምፁ ሲጠፋ አልሰማም፤ በእግሩ ግን አወቀ። «ጠፋ» አለ፣ ዞሮ ሳያይ። አጠገቡ ተቀመጠች። የቀኝ እጁ ሁለት ጥፍሮች ከሥራቸው ተነሥተዋል። ከኪሷ ንጹሕ ጨርቅ ፈለገችና ያገኘችው ቀዩን የጋራዡን ጨርቅ ነው። በእርሱ ጠቀለለችለት።

ሳይጠየቅ ነገራት። ተኝቶ ሳለ እግሩ የአልጋውን ብረት ነክቶ ነበር፤ በሕልሙ ዳገት የሚነዳ መሰለው። ሲነቃ ራሱ በሕመም ሊሰነጠቅ ደርሷል፣ ብረቱ ግን ይንቀጠቀጣል። ጄነሬተሩ መነሣቱ ወዲያው ገባው። ሄዶ ማጥፊያውን በእጁ ፈለገ፤ እጁ ቦታውን ያውቀዋል፤ ላሜራውን አገኘ።

«ከዚያስ፣ አባዬ?» አለችው ወደ ጆሮው ቀርባ።

«ከዚያማ ቁጭ አልኩ።»

«ለምን?»

እንደ ሞኝ ጥያቄ አያት። «አንቺ ነሻ የሸፈንሽው። የእኔ ልጅ ያለ ነገር አትሸፍንም፣ እንዳይነካ ቢሆን ነው፣ ሥራውን ይጨርስና ራሱ ይጠፋል አልኩ። ጠበቅሁ። በኋላ እናትሽን ብቀሰቅሳት እምቢ ስትል ነው ቢላዋ ያነሣሁት፤ እርሱም ሲሰበር ማርሹን ወደ ኋላ አስገባሁ።» የታሰረ እጁን ገለበጠና አየው። «ብሎን ማጥበቅስ ታውቂያለሽ።»

ቢሰድባት፣ ቢመታት ኖሮ ምንኛ ደስ ባላት። ወደ ሆስፒታል የሚወስደው መኪና ግቢ ገባ፤ አለቃዋና ቦታ አለ ፍራሹን በአራት ማዕዘን ይዘው አነሡ፤ አባቷ ባዶ እግሩን ድንች እየረገጠ ሚስቱን ተከተላት። ምን ያህል ጊዜ ቁጭ ብሎ እንደጠበቀ ፊውዝ አልጠየቀችውም። በየአምስት ደቂቃው ስልኳ ላይ ተጽፏል።